ጾሜን ተዉት፣ አስፕሪኑን ጠይቁ

ገና ሳልጀምር አንድ ነገር ላስተካክል። አምቦ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ «መምህርት አስካለን ጾም ጣላት» ብሎ ያወራል። ገበያ ላይ እንዲህ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት እንዲህ ይባላል፤ የባለቤቴ ዘመዶች ደግሞ ትንሽ ደስ እያላቸው እንዲህ ይላሉ። ውሸት ነው። እኔን የጣለኝ በየሱቁ ከሻማና ከክብሪት ጎን የሚሸጠው፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው አስፕሪን ነው። ብቻውንም አልጣለኝም፤ ግብረ አበሮች ነበሩት። ይህን የምጽፈው እነዚያን ግብረ አበሮች በየስማቸው ልጠራቸው ነው። እንደ እኔ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ፣ ሳይደማ ይወቃቸው።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አምቦ ነው፤ ሥራ የጀመርኩት ግን ካቺሲ ነበር፤ ጉልበቴን ያስረከብኩትም ለዚያ አገር ዳገት ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቴ ደበላ የደንዲ ሰው ነው፤ የእንስሳት ጤና ቴክኒሺያን ሆኖ ከብት ያክማል። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ስንጋባ ሁለቱም ወገን አኩርፎ ነበር፤ ልጆች ሲወለዱ ኩርፊያው እየለቀቀ ሄደ። ሒሳቡን በኦሮምኛ አስተምራለሁ፣ ከደበላ ጋር በሁለቱም ቋንቋ እጨቃጨቃለሁ። በቤታችን ከተጋባን ጀምሮ ያልተቋጨ ክርክር ቢኖር የጾሜ ነገር ነው። እሱ «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ «ሆድንም ያያል» እላለሁ።

ጉልበቴ መጀመሪያ የሚያመኝ ቁልቁለት ስወርድ ነበር። ቀጥሎ ስወጣም ማመም ጀመረ፤ ከዚያ ቆሜ ሳስተምር፣ በመጨረሻ ቁጭ ብዬም። በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን አስፕሪን የሌለበት ቦርሳ አልነበረም። ራስ ምታት ቢሉ፣ ወገብ ቢሉ፣ ጥርስ ቢሉ፣ ብርድ ቢሉ፣ ሁሉም በእሱ ነው የሚታከመው። አንዷ ከእሽጉ ላይ ቀደድ ታደርግና «እንቺ፣ ይህችን ዋጥ አድርጊያት» ትላለች፤ ማስቲካ እንደምንካፈለው ነበር የምንካፈለው። እኔም ጠመኔ የምይዝበት ሣጥን ውስጥ አይጠፋም ነበር።

ሕመሙ ሲጠና ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ያየኝ ባለሙያ ጉልበቴን ጫን ጫን አድርጎ «መገጣጠሚያሽ ተጎድቷል» አለኝና ዳይክሎፌናክ የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ። እየጻፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የግፊት ኪኒን ብቻ» አልኩት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አልዋሸሁም። መድኃኒት ማለት ለእኔ ሐኪም ያዘዘው፣ ፋርማሲ ቆጥሮ በከረጢት የሰጠኝ ነገር ነው። በዚያ ጊዜ አስፕሪንን መድኃኒት ብሎ የቆጠረ ሰው አምቦ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። ጎረቤቴ «ለግፊት ፍቱን ነው» ብላ ያስለመደችኝን ጥሬ ነጭ ሽንኩርትማ ማን መድኃኒት ይለዋል? እራት ነው። ስለዚህ ዳይክሎፌናኩን ወሰድኩ፤ ጉልበቴ ሲብስበት አስፕሪኔንም ጨመርኩ፤ ማታ ሽንኩርቴን ከእንጀራዬ ጋር ቆረጣጠምኩ። ጉልበቴ ተሻለው። ክሊኒኩን መረቅኩ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም፤ እናቴም እንደዚያው ነበረች። ኪኒኑ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ታዲያ እንዴት ይሁን? የሒሳብ መምህርት አይደለሁ! ሦስት ጊዜ አንድ ሦስት ነው፤ አንድ ጊዜ ሦስትም ሦስት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቀኑን ዳይክሎፌናክ በሙሉ በአንድ ላይ፣ የግፊቷን ኪኒን ጨምሬ፣ አስፕሪን ደርቤ እውጠዋለሁ ማለት ነው። ያን ዓመት የከሰዓት ፈረቃ ነበር የደረሰኝ። የዕረፍቱ ደወል ሲደወል ከትምህርት ቤቱ በር አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ አስመጣለሁ፤ ኪኒኖቹን በባዶ ሆዴ በእሱ አወርዳቸዋለሁ፤ የቀረውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ቤቴ ስገባ፣ ወደ ማታ ገደማ፣ እህል እቀምሳለሁ። ጾሜን አክብሬያለሁ፣ የታዘዘልኝንም አላጓደልኩም። በኋላ ስጠያይቅ እንደ እኔ የሚያደርጉ ብዙ ጿሚዎች አግኝቻለሁ፤ ያኔ ግን ብልሃቱ የእኔ ብቻ መስሎኝ በራሴ ኮርቼ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ማቃጠል ጀመረ። የአምቦ ሰው ሆዱ ሲቃጠል ሐኪም ቤት አይሮጥም፤ አምቦ ውሃ ይጠጣል፣ ያገሳል፣ «ተመስገን» ይላል። እኔም ጠጣሁ፣ አገሳሁ፣ አመሰገንኩ። ተልባም ጨመርኩበት። ማቃጠሉ ጋብ ይልና ይመለሳል። ደበላ እራቴን ቀምሼ ስገፋው ያያል።

«አስኩ፣ ይሄ ጾም ሆድሽን እየበላው ነው። ማሎ፣ ጠዋት ትንሽ ነገር ቅመሺ» ይለኛል። ማሎ በኦሮምኛ እባክሽ ማለት ነው፤ ደበላ ከልቡ ሲለምን ወደ ኦሮምኛው ይገባል።

«ሆዴ የራሴ ነው» እለዋለሁ።

«ሆዱስ ያንቺ ነው፤ ስታቃስቺ የማዳምጠው ግን እኔ ነኝ።»

«ጆሮህን ድፈን እንግዲያ።»

እንዲህ እየተባባልን የሁዳዴ ሳምንታት መሄድ ጀመሩ።

አሁን የምጽፈውን ነውር የሚል ሰው ካለ ይለፈው። ሰገራዬ ጠቆረ። መጥቆር ብቻ አይደለም፤ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፣ ሽታውም ከወትሮው የተለየ ሆነ። ለማን ልንገር? ለደበላ? ስለ ላም እንዲህ ቢነግሩት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሮጣል፤ እኔ ግን ሚስቱ ነኝና አፈርኩ። ምስርና ጥቁር ጤፍ ስለበዛብኝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ ተማሪ ስመክር የኖርኩ ሴት! እንደዚያ የጠቆረ ሰገራ ከላይ፣ ከጨጓራ የፈሰሰ ደም ሊሆን እንደሚችል ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። እናንተ ግን ይኸው ሰምታችኋል፤ ከእንግዲህ አላወቅኩም ማለት አትችሉም።

ከዚያ ድካም መጣ። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት ያለችውን አጭር መንገድ አረፍ እያልኩ እሄዳት ጀመር። ማታ ጋደም ስል ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ፈራሁ፤ አልደብቅም። ውስጤ የሆነ ነገር ቀስ እያለ እያለቀ መሆኑ ይሰማኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» አለኝ። መቼም በእኛ አገር ደክሞት ክሊኒክ የገባ ሰው ያለ ታይፎይድ አይወጣም። የታዘዘልኝን ጨረስኩ፤ ባሰብኝ። ሁለተኛው «ታይፎይድና ታይፈስ» አለ፤ በሽታዬ ወንድም ወለደ ማለት ነው። ሦስተኛው «ጨጓራሽ ነው» አለኝ። እሱ እንኳ ቀርቦ ነበር፤ ራሴንም እንደሚያመኝ ስነግረው ግን ለራስ ምታቱ አይቡፕሮፌን ጨምሮ ሸኘኝ። ይህም የእነዚያው የአስፕሪንና የዳይክሎፌናክ የሥጋ ዘመድ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ለካርድና ለላቦራቶሪ ያወጣነውን ደበላ ዛሬም ሲያስበው ይተክዛል። በየቦታው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ረጅም ሰዓት እንጠብቃለን፤ ስንገባ ግን ወዲያው ነው የምንወጣው። አንድ ቀን መቆም አቅቶኝ ግድግዳ ስደገፍ ከሸነን የመጣች እናት፣ የታመመ ልጅ ታቅፋ እያለች፣ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። «ተቀመጪ እህቴ፣ እኔ ጉልበት አለኝ» አለችኝ። ለዚያች ሴት እስከ ዛሬ እጸልያለሁ። በየክሊኒኩ ያችው ጥያቄ ትጠየቃለች፤ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» እኔም ያችኑ እመልሳለሁ፤ «የግፊት ብቻ።»

ፊቴ ሲገረጣና ቀሚሴ ሲሰፋኝ ደግሞ ሌላ ወሬ ተነሳ። ስገባ ጨዋታ ይቋረጣል፣ ስወጣ ይቀጥላል። ገባኝ። ሄጄ ኤች አይ ቪ ተመረመርኩ፤ የለብኝም። በማግሥቱ ማረፊያ ክፍሉ መሀል ቆሜ «ለጠየቃችሁኝም ላልጠየቃችሁኝም፣ ውጤቴ ይኸውላችሁ» ብዬ ተናገርኩ። አንዳንዱ አቀረቀረ። ቢኖርብኝም ኖሮ እዚያው ቆሜ እነግራቸው ነበር፤ እኔ በሽታ እንጂ ሐሜት አልሸከምም።

በዚያው ሰሞን የደበላ ታላቅ እህት ጫልቱ ከጊንጪ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ጀመረችኝ።

«አስካለ፣ ዋቀዮ እኮ ራስሽን በረሃብ ግደዪ አላለሽም!» ዋቀዮ የምትለው እግዚአብሔርን ነው።

«አንቺ ዘንድ ሌላ የተላለፈ መልእክት አለ እንዴ?» አልኳት።

የቤተ ክርስቲያናቸውን ሴቶች ሰብስባ ልትጸልይልኝ ፈለገች። «ጸልዩ፤ ጸሎት አልጠላም። ጾሜን የምትነካ ግን እንዳትኖር» አልኩ። ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰችም። እኔ ግን ወይ ፍንክች! ጓዳ ሆኜ ለደበላ «ይህች ሴት በእልኳ ልትሞት ነው» ስትለው ሰማኋት። እሱም ዝቅ ባለ ድምፅ «አውቃለሁ» አላት። ነገሩ በእርግጥም እዚያ ደርሶ ነበር። ጠዋት ብበላ፣ በትዳሬ ዘመን ሁሉ ስከራከርበት የኖርኩትን ተሸነፍኩ ማለት ነው፤ ባልበላ ደግሞ፣ ሁሉም እንደሚሉኝ፣ ልሞት ነው። ሞት ያስፈራኛል፤ ግን ጾሜን ከእጄ ነጥቀው «ይኸው፣ ብለንሽ ነበር» የሚሉኝ ቀን የበለጠ ያስፈራኝ ነበር።

በሁዳዴ አጋማሽ፣ የደብረ ዘይት ሳምንት ላይ ነው የወደቅኩት። ከዕረፍት በኋላ፣ ኪኒኖቼን ውጬ ገብቼ፣ ክፍልፋይ አስተምር ነበር። ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ አፌን ምራቅ ሞላው፤ ዞር ከማለቴ አስታወክኩ። የወጣው ጥቁር ቡናማ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ነው። ልጆቹ ጮኹ። ከጎን ክፍል የሚያስተምሩት መምህራን ደግፈው ባጃጅ ላይ ጫኑኝ። በመንገድ ላይ አንዷ ባልደረባዬ «አይዞሽ፣ ታይፎይዱ ነው» ትለኝ ነበር፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኜም ተናደድኩ።

ሆስፒታል ስደርስ የደም ግፊቴ በጣም ወርዶ ነበር። ደሜ ተለካ፤ ሊኖረኝ ከሚገባው ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። ደም ያስፈልጋታል ተባለ፤ ዘመድ ይስጥ ተባለ። ደበላ እጅጌውን ሰብስቦ ቀረበ፤ የእሱ አልገጠመም። የገጠመው የጫልቱ ነው። ይህቺ እህቱ መርፌ ስታይ የምትሸሽ፣ ልጆቿን ስታስከትብ እንኳ ዓይኗን የምትጨፍን ሴት ናት። ተኝታ ሰጠች። ደሟ በቱቦው ወደ ክንዴ ሲወርድ አጠገቤ ቁጭ ብላ አየችው።

«እንግዲህ ውስጥሽ ገብቻለሁ። አሁንስ ትሰሚኛለሽ?» አለችኝ።

«ገና ከመግባቱ እየተጨቃጨቀኝ ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ሕይወቴን የሰጠችኝ እሷ ናት፤ ይህን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ልክድ አልችልም።

በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች። እሷም ያችኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እኔም ያችኑ መልስ መለስኩ። ጻፈችው። ከዚያ ግን ብዕሯን አቆመችና እጄን አየችው፤ ሳላስበው ጉልበቴን እያሸሁ ነበር።

«ጉልበትዎን ያምዎታል እንዴ መምህርት?»

«እሱማ ከጀመረኝ ቆየ።»

«ሲያምዎት ምን ይውጣሉ?»

«አስፕሪን።»

«ሌላስ?»

«ዳይክሎፌናክ። ሰሞኑን ደግሞ ለራሴ ብለው አይቡፕሮፌን ሰጥተውኛል።»

«ሁሉንም ነው የሚወስዱት? መቼ መቼ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንድ ላይ። ጾም ነዋ!»

«በባዶ ሆድ?»

«በአምቦ ውሃ» አልኳት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠ ባለሙያ አልነበረም፤ ሁሉም ቆመው ወይ አቀርቅረው ነበር የሚጠይቁኝ። ይህን የምለው ለክስ አይደለም፤ ወረፋቸውን አይቻለሁ። ግን እውነት ነው። «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» እና «ሲያምሽ ምን ትውጫለሽ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ እኔን የገደለኝ የመጀመሪያው፣ ያዳነኝ ሁለተኛው ነው።

ደበላ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። «ጾሙ ነው አይደል ዶክተር?» አላት።

«ጾም ብቻውን እንዲህ አያደማም» አለች።

«ሰማህ?» አልኩት። ከሞት አፍ ወጥታ መጀመሪያ የተናገረችው «ሰማህ?» ነው እያለ ዛሬም ለሰው ያወራኛል።

«ቆይ፣ እርስዎም አልረቱም» አለችኝ ዶክተሯ። «የቀኑን ኪኒን ሰብስቦ በባዶ ሆድ መዋጥን ማን አስተማረዎት?» ሒሳብ ነው እንዳልላት አፈርኩ።

ያስረዳችኝን እኔ በገባኝ መንገድ ልንገራችሁ። ጨጓራችን ምግብ የሚፈጭበት አሲድ አለው፤ አሲዱ ራሱን ጨጓራውን እንዳይበላው ደግሞ ከውስጥ የሸፈነው ስስ ልባስ አለ። አስፕሪን ያንን ልባስ ያሳሳዋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ሥራቸው ያው ነው፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሦስቱን ደርቦ የዋጠ ሰው ልባሱን በሦስት በኩል ፋቀው ማለት ነው። በዚህ ላይ አስፕሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ስለዚህ የተላጠው ቦታ መድማት ሲጀምር አይቆምም። በብዛት የሚበላ ጥሬ ነጭ ሽንኩርትም ለዚያው ያግዘዋል። አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ጉልበቱን በአስፕሪን፣ ብርዱን በአረቄ የሚያክም ሰው በሰፈሬ ሞልቷል። እነዚህ ማስታገሻዎች የግፊት ኪኒንንም ሥራ ያዳክማሉ፤ ከጾሙ በፊት ግፊቴ አልወርድ ብሎ ያስቸገረኝ ለካ በእነሱ ነው። አምቦ ውሃዬስ? ምንም አላጠፋም፤ ምንም አላዳነም። እያስገሳ አዘናጋኝ እንጂ።

ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብተው ጨጓራን ያያሉ፤ ኢንዶስኮፒ ይሉታል። ተራዬን ስጠብቅ ቀድሞኝ የገባ ሽማግሌ ወጣና «ምንም አይደለም ልጄ፣ ዝም ብሎ እንደ መጥፎ ጉርሻ ነው» አለኝ። ያ ቃል ብዙ ረዳኝ። ቁስለት ተገኘብኝ። የጨጓራ ባክቴሪያም ነበረብኝ፤ እሱም ለቁስለቱ የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። አሲዱን የሚቀንስና ባክቴሪያውን የሚያጠፋ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ማስታገሻዎቹ ሁሉ ተከለከሉ።

ቀሪው የሁዳዴ ነገር ነበር። ስመለስ የአምቦዋ ዶክተር «ዘንድሮ አይጾሙም፤ ወተትም እንቁላልም ያስፈልግዎታል» አለችኝ። እንቢ አልኩ። አልሞት ባይ ተጋዳይ ነኝ፤ ግን በሁዳዴ ወተት! ከአዲስ አበባ በተመለስኩ ማግሥት የነፍስ አባቴ ቤቴ መጡ።

«ልጄ፣ በሽተኛ ይብላ የሚለው የራሳችን ሥርዓት ነው። ማንም አላሸነፈሽም» አሉኝ።

«አባ፣ ማን ላከዎት?»

«ደበላ መጥቶ ለምኖኛል።»

ደበላ! ከተጋባን ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችንን ግቢ ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ ቄስ አስጠርቶ ስለ እኔ ጾም ለመነ። ጫልቱ ያፈላችውን ወተት አቀረበችልኝ። ጠጣሁት፤ እያለቀስኩ ጠጣሁት። ጫልቱ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ይህም ለእሷ ትልቅ ጾም ነው።

ከዳንኩ በኋላ ዝም አላልኩም። ትምህርት ቤት፣ ዕድር፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር እናገራለሁ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ከሱቅ የገዛችሁትን፣ ጎረቤት የሰጠቻችሁን፣ ለጤና ብላችሁ የምትበሉትንም ንገሩት። አስም ያለበት ሰው አስፕሪን ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል። ትኩሳት ላለው ልጅ ሐኪም ሳያዝ አትስጡ፤ ነፍሰ ጡርም ሳትጠይቅ አትዋጥ። ጥርስ ልታስነቅሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ምላሴ ሳያርፍ አንድ ቀን ደግሞ የጎረቤታችንን የኦቦ ለማን ሕይወት ልቀጥፍ ነበር። እኒህ ሰው ልባቸውን ታመው ሐኪማቸው ትንሽዬ አስፕሪን በየቀኑ እንዲወስዱ አዟቸዋል። የእኔን ወሬ ሰምተው ኪኒናቸውን ሽንት ቤት ጣሉት። ሰምቼ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ኦቦ ለማ፣ ስለ ራሴ የተናገርኩት እኮ ለእርስዎ አይደለም!»

«መርዝ ነው አላልሽም?» አሉኝ።

«ለእኔ ጨጓራ። የእርስዎን ልብ የሚያውቀው ሐኪምዎ ነው» አልኩና ያንኑ ዕለት ወደ ሐኪማቸው ወሰድኳቸው። ያ ደም እንዳይረጋ ማድረጉ፣ እኔን ያደማኝ ነገር፣ እሳቸውን የልብ ቧንቧቸው እንዳይዘጋ የሚጠብቃቸው ነው። ስለዚህ በሐኪም የታዘዘላችሁ ሰዎች፣ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጉልበቴ ዛሬም ያመኛል። ፍልውሃ ሄጄ እዘፈዝፈዋለሁ፣ የታዘዘልኝን እንቅስቃሴ እሠራለሁ፣ ዳገት ላይ ቀስ እላለሁ። ሲብስብኝ ችዬው እኖራለሁ፤ ከእኔ ጋር እኩል ግትር ጉልበት ነው።

በቀጣዩ ዓመት ቅበላ ሲደርስ ደበላን አስከትዬ ዶክተሯ ዘንድ ሄድኩ። «ልጾም ነው» አልኳት። መረመረችኝ፤ ቁስለቱ ድኗል፣ ደሜም ተመልሷል። «ማስታገሻ አንዲት ፍሬ እንዳይነኩ፤ የግፊቷን ወደ ማታ እናድርጋት፤ ሆድዎ ካቃጠለ ወይም ሰገራዎ ከጠቆረ ጾሙን ያንኑ ዕለት አፍርሰው ይምጡ» አለችኝ። ተስማማሁ። ደበላ በመንገድም ቤት ገብተንም የወትሮውን ክርክር አላነሳብኝም።

ያን ዓመት የጠዋት ፈረቃ ደረሰኝ። ደበላ ከሥራ ለምሳ ወደ ቤት የሚመጣ፣ ስድስት ተኩል ካለፈበት ፊቱ የሚቀየር ሰው ነው። ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልበላ ወደ ገበታው ስሄድ ምሳው እንደተከደነ አገኘሁት፤ እሱም ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ምነው አልበላህም?»

«አልራበኝም።»

«ጾመህ ነው?»

«ማነው የጾመው! ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ» ብሎ ተቆጣኝ። በማግሥቱም አልራበውም። ሁዳዴው እስኪያልቅም እንደዚያው ሆነ።

ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሁዳዴ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነው። ደበላ ጾመ ብላችሁ እንዳታወሩ፤ ይጣላችኋል። ሥጋውንም ይበላል፣ ወተቱንም ይጠጣል። ብቻ እኔ ሳልቀምስ አይርበውም።